ሆድና ጀርባ

እናታችን ያንን ወንዝ ስትሻገር በጨለማ
እህቴን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔን በሆዷ ተሸክማ፣
ውሃው ከጡቷ በላይ ደርሶ ነበር አሉ፤
እሷ አትናገርም፣ አብረው የነበሩ ናቸው የሚሉ።
የሲትላሊን አንድ እግር ጫማ ወንዙ ወሰደ።
ሁለት ዓመቷ ነበር።
እኔ ከውሃው በታች ነበርኩ፣ እሷ ከውሃው በላይ።

ከአራት ወር በኋላ፣ ነብራስካ፣ በረዶ ሲጥል ተወለድኩ፤
አንዲት ቅጽ ሳልሞላ አገር ታቅፌ አደግኩ።
እሷ ግን በየሁለት ዓመቱ ፎቶ ትነሣለች፣
አሻራ ትሰጣለች፣ ትከፍላለች፣ ትጠብቃለች፤
ካርዷ ላይ ያለችው ሴት ከካርድ ካርድ ትከሳለች።

ተኳርፈን አናውቅም እኔና እህቴ።
ሆድና ጀርባ ያደረገን
የዚያ ሌሊት አሸካከም ነው።

እናቴ ቄራ ነው የምትሠራው፤ ቀኝ እጇ አይጨበጥም አሁን።
ማታ ማታ ተንበርክካ «ፈቃድህ በምድርም ትሁን»
ስትል፣ እኔ የሚታየኝ ያ ካርድ ነው፤
በሰማይ ተፈርሞ
በምድር ቢሮ የዘገየው።

ሲትላሊ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር፤
ቁጥር አሥራ አራት፣ ማሞቂያው የሚያስል።
ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ ወጥታ
የመስታወቱን በረዶ ትፍቃለች፣ በአሮጌ የባንክ ካርድ።
(ያ ካርድም ጊዜው አልፎበታል፤ ለዚህ ግን ያገለግላል።)

ማደሻውን ያስገባችው ከአምስት ወር በፊት፣
መልሱ ያው «በመታየት ላይ» ነው፤
ማን እንደሚያየው ግን አይታይም።
ሐሙስ እኩለ ሌሊት ካርዱ አለፈበት።

ዓርብ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረች።
አለቃዋ ዶሪን አለቀሰች።
እህቴ፣ «የኋላው ግራ ጎማ ይተነፍሳል፣
ሳትረሺ አስሞይው» አለች።

ቅዳሜ ዶሪን ደወለችልኝ።
«የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?»
አለኝ። ሦስት ሳምንት ነድቼ
ማልዶ መነሣት ታክቶኝ የተውኩት ሥራ።
«በእህቴ ወንበር? አይሆንም» ስል
ሲትላሊ ስልኩን ከእጄ ነጠቀች። «ይመጣል» አለች።
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣
«ልጆቹ በረዶ ላይ ይቁሙልህ?»

በፖስታ ጀርባ ጻፈችልኝ፦
ሦስተኛው ፌርማታ፣ ኬደን ይዘገያል፤ ጡሩንባ እንዳትነፋ፣
አባቱ ሌሊት ሠርቶ ገና መተኛቱ ነው።
ሆዳን ጠዋት አትናገርም፤ አትጠይቃት።
ከሰዓት ግን ጆሮህን ትበላዋለች፤ ቻላት።
ሐዲዱ ጋ ስትደርስ፣ ባቡር ኖረም አልኖረም፣ ቁም።
በሩን ክፈት። አዳምጥ።
ከዚያ እለፍ።

ሰኞ መስመሯን ያዝኩ።
ወንበሩ በእሷ ቁመት ልክ ነው፣ ጉልበቴ መሪውን ነካ፤
አልገፋሁትም።
ሆዳን ደረጃው ላይ ቆመች፣ ሻርፗን ከአፏ አወረደች፣
ጠዋት የማትናገረዋ ልጅ፣
«የታለች?»
— ወረቀት እየጠበቀች ነው።
«የምን ወረቀት?»
— እንድትነዳ የሚፈቅድ።
«ስትነዳን አልነበር እንዴ?»
መልስ አልነበረኝም። «ተቀመጪ፣ ይበርዳል» አልኳት፣
እንደማንኛውም ቢሮ።

ሐዲዱ ጋ ቆምኩ።
ሜዳው ነጭ ነው፣ እስከ ሰማዩ ጠርዝ፣ ጭስ እንኳ የለበት።
በሩን ከፈትኩት።
ሃያ ሦስት ልጅ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ዝም አለ፤
እሷ ናት ያስለመደቻቸው።
ብርዱ ገባ፣ ደረጃውን ወጣ፣ እግሬ ሥር ተኛ።

ሃያ ስድስት ዓመት።
መስመር ባየች ቁጥር ቆማ፣ በሩን ከፍታ፣ ትንፋሿን ይዛ።

ባቡር አልነበረም።
በሩን ግን ወዲያው አልዘጋሁትም።